መጨማደድ የተከለከሉ እናቶች

የእናቱን ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ፊቷን በስልኩ የሚያለሰልስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሮተርዳም ሞልቷል፤ አምስተርዳምም አይጠፋም። ሰባ ዓመት የለፋችበትን ፊት በአንድ ጣት ጠርጎ የተላጠ እንቁላል ያስመስላታል። ያፍር ይመስላችኋል? እኔ ግን አፍሬያለሁ፤ እዚህ ዘሄግ ያለችው አለስላሽ እኔው ነኝና።

ሰሞኑን እማዬ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ሙዚየም ወሰድኳት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተሳለ ሥዕል ፊት ቆመች። ሰፊ ነጭ አንገትጌ ያደረጉ አሮጊት ናቸው፤ የፊታቸው መስመር አንዲትም ሳትቀር ተስላለች።

"የእኚህን እናት ሥዕል ማን አሠራላቸው?"

"ልጆቻቸው ይሆናሉ።"

"የተባረኩ ናቸው። አላፈሩባቸውም።"

ቀጥላ ስልኬን ተቀበለችኝና ጠዋት የለጠፍኩትን ፎቶ አየች። "ይህቺስ ማን ናት?"

"አንቺ ነሽ እማዬ፤ ትንሽ አሳምሬሽ ነው። ይኸው ሰው ሁሉ 'እህትሽ ናት ወይ?' እያለኝ ነው።"

"እህትሽ ከሆንኩ ማን ወለደሽ?"

ሥዕሉ ላይ ያሉት እናት ሳይቀሩ የታዘቡኝ መሰለኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ። እማዬ ግንባሯን በጣቷ ነካች።

"ይህቺ መስመር አንቺ ባሕር ስትሻገሪ የወጣች ናት። ማን አጥፊያት አለሽ?"