ከግድግዳው የማይላቀቅ ደላላ

እናንተዬ፣ ቤት እያሻሻጠ ካለበት ንቅንቅ የማይል ደላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ ያጠራጥረኛል።

ቤቱ እዚሁ ጎንደር፣ ዛፍ በበዛበት ሰፈር፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ፎቅ ላይ ነው። ከኪራይ እንገላገል ብለን ከባለቤቴ ጋር ልናየው ሄድን። ደላላው ገና በሩ እንደተከፈተ ቀድሞን ገባና የሳሎኑን ግድግዳ ተደገፈ። መኝታ ቤቱን አሳየን ብንለው በአገጩ አመለከተን።

«ምነው እስከ ዛሬ ሳይታደስ?» አልኩት።

«ጌታዬ፣ ሸጋ ነገር ይነካል እንዴ?»

ወለሉ ሲንቋቋ «ጥንታዊ ነው» አለን። ቧንቧው ውሃ እንቢ ሲል እሱም ጥንታዊ ሆነ።

በዚህ መሀል ከታች የሚኖሩት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። እኔና ባለቤቴ ተራ በተራ ተሳለምን። ደላላውስ? ካለበት ሆኖ አንገቱን አሰገገ!

«አባቴ፣ እዚህ ድረስ ቢያመጡልኝ?»

መስቀሉ ወደ እኔ ይምጣ የሚል ጎንደሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቄሱ መስቀሉን እንደዘረጉ ካሉበት ሆነው ጠበቁት። ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እግዜርን ፈራና አንድ እርምጃ ተራመደ።

ግድግዳው ተከትሎት መጣ። ልስኑ ከጣሪያ እስከ ወለል ተገንድሶ ሁላችንንም ኖራ አለበሰን።

ቄሱ ጥምጥማቸውን ቀስ ብለው አራገፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ገዥ በመጣ ቁጥር ይህን ደረጃ የምወጣው ለዚህ አይደል፣ ልጄ?»