የእትዬ ወርቅነሽን ጠላ ማን ይደርስበታል?

ኮልፌ ውስጥ ድግስ ያለው ሰው ጋኑን ሲከፍት እኔን ይጠራል። ጠላ ቀማሽ ነኝ። ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቼ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ አፌ ውስጥ ትንሽ አቆየዋለሁ። ጋኑ በወይራ በደንብ ታጥኖ ከሆነ ሽታው ቀድሞ ይነግራችኋል። ጌሾው በዝቶ ከሆነ ደግሞ ምላስ ሥር ቁጭ ይላል፤ ውጣ ቢሉት አይወጣም። ይኼ ሁሉ እውቀት ታዲያ አንድ ቀን ጉድ ሠራኝ።

የሚካኤል ማኅበር አለን፤ በየወሩ በየተራ ነው የምንጠጣው። ተራው ጋሽ ታደሰ ቤት ሲደርስ ጠላውን የሚጠምቁት ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበሩ። ጠላቸው ግን አይጠጣም። አሻሮውን ያሳርሩታል። ጌሾ ሲጨምሩም እንደ ደግነታቸው ነው፤ እጃቸው መቆጠብ አያውቅም። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? "እጅዎን ይባርከው" እያልን ዓይናችንን ጨፍነን እንጨልጠዋለን። ጋሽ ታደሰ እንደሆነ ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው ጠላ አይቀምሱም። እሳቸው የሚያውቁት ምስጋናውን ብቻ ነው።

እትዬ ካረፉ በኋላ የጋሽ ታደሰ ተራ ደረሰ። ልጃቸው ጴንጤ ናት፤ ዳቦውን እጋግራለሁ፣ ጠላ ግን አልጠምቅም አለች። ከጠላ ቤት ይግዙ ብንላቸው፣ የወርቅነሽ ቤት ጠላ ከሰው ቤት አይመጣም ብለው እምቢ አሉ። አስኮ ያለች አንዲት ጠማቂ እየጠየቁ፣ ሲጠነስሱ ሲደፈድፉ ሰነበቱ።

በዕለቱ እንግዳ ሳይገባ ጠሩኝ። ቀመስኩ። ምን ልበላችሁ? ጥርት ያለ፣ ወይራ ወይራ የሚል፣ ጉሮሮ ሳይቧጥጥ የሚወርድ ጠላ። እንዲህ ያለ መቼ እንደቀመስኩ አላስታውስም። ላመሰግን አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"የእሷን ይመስላል?"

ጣጣውን አያችሁልኝ? ይመስላል ብል ጠላው ላይ ግፍ መሥራት ነው። ይበልጣል ብል፣ ሲኮሩባቸው የኖሩትን ሚስታቸውን ገና ሐዘናቸው ሳይወጣ እኔ ላሳንስባቸው ነው። ማሰሮውን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ። አንጀቴን በሉት።

"ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው" አልኳቸው። "የእትዬን ግን አልደረሰበትም።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። አስከፋኋቸው ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ደስ ብሏቸው ነው። "ብዬ ነበር እኮ" አሉ። "የእሷን ማን ይደርስበታል?"

ቀጥለው ምን እንደጎደለው ጠየቁኝ። ምን ልበል? የእትዬ ጌሾው ጠንከር፣ አሻሮው ጠቆር ይል ነበር አልኳቸው። ማኅበርተኛውንም በሹክሹክታ አስጠነቀቅኩ። ሁሉም "የእትዬን አያክልም" እያለ ራሱን ይነቀንቃል፣ ብርጭቆውን ደግሞ ድገሙኝ ብሎ ይዘረጋል። ጋኑ ማኅበሩ ሳይበተን አለቀ።

ዘንድሮ ተራቸው እንደገና ደረሰ። ጠሩኝ፤ ቀመስኩ። እትዬ ወርቅነሽ ጓዳ ያሉ መሰለኝ። ጋሽ ታደሰ ትንፋሻቸውን ውጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

"ቁርጥ የእትዬን" አልኳቸው። ቀማሽ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ ብርጭቆዬን እስከ አፉ ሞሉልኝ።