ዝናብ የሚያውቀው እግር

እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። «ነገ ይሠራል» ሲባል ከርሞ በመጨረሻ ከቤተሰብ የተቆጠረ አንድ ጉድ አይጠፋም። የእኔ ጣሪያ ያፈሳል። ባልዲው ቦታውን ይዟል፤ እኛም ዘለል እያልን እናልፈዋለን። የእኔስ ጣሪያ ነው፤ የአጎቴ የሰይድ ግን እግር ነበር።

አጎቴ ከኮምቦልቻ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ቅልጥማቸውን እሳት አቃጠላቸው። ቁስሉ ሲደርቅ፣ መልሶ ሲያመረቅዝ፣ አጎቴ ሸበቱ። እሳቸውም ለመዱት። ዝናብ ሊመጣ ሲል ያሳክካቸዋል፤ «ነገ ይዘንባል» ካሉ ይዘንባል። ዘመኑ የደርግ ነውና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኋላ ቀር ልማድን ሲያወግዝ ይውላል፤ ስብሰባ ሊጠራ ሲል ግን አጥሩ ጥግ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ ሰይድ፣ እግርዎ ስለ ነገ ምን ይላል?» ይላል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ያ የቁስል ጉድጓድ ሥጋ መሙላት ጀመረ። ሞላ፤ ሞልቶም እንደ አበባ ጎመን ከፍ ከፍ አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ!» አሉ ባለቤታቸው አክስቴ ዘሃራ። ፍየል ታረደ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱአ ተደረገ፤ ደሴ የማስተምረው እኔም መጥቼ ከሁሉ ጋር «አሚን» አልኩ። አንድ ነገር ግን አልጥም አለኝ። የዳነ ሥጋ ጨርቅ ሲነካው ይደማል እንዴ?

ለምኜ ደሴ ወሰድኳቸው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ ጉሙ መኪናዋን ዋጣት፤ ዳገቱም ገደሉም ጠፋ፤ በሕልም የምንሄድ መሰለኝ። አጎቴ መስኮቱን ተደግፈው፣ «ዛሬስ እግሬ ዝም አለኝ» አሉ።

ሐኪሙ ከቁስሉ ቆንጥሮ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከ። መልሱ ካንሰር ሆነ።

«ቁስል ሁሉ ወደዚህ አይደርስም» አለ ሐኪሙ፤ «ግን ሰውነትዎ ይህን ቁስል ልጠግን ብሎ ዕድሜ ልኩን ሥጋ ሲያበቅል ኖረ። እረፍት ያጣ ጠጋኝ ደግሞ ይሳሳታል፤ የተሳሳተው ሥጋ አሁን ማቆሚያ የለውም። ሳይዛመት እግሩ ይቆረጥ።»

ወይ ጉድ! አሚን ያልነው ለካ ለካንሰሩ ኖሯል።

«ወላሂ አልቆረጥም! ባንድ እግር ማን ያርሳል?» ብለው አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አክስቴ ዘሃራ እያለቀሱ ተቆጡ። «አንቱ ሰውዬ! እኔ ያገባሁት እግር ነው እንዴ? እርሻውን ልጆቹ ያርሱታል፤ አንቱን ማን ይተካልኛል?»

አጎቴ ከግድግዳው ወደ አክስቴ ዞሩ። ከዚያ፣ «እንግዲያው በወጉ ቅበሩት» አሉ።

በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን እዚያው ደሴ ቀበርነው። እሳቸው ዳኑ።

በተከታዩ ዓመት ልጠይቃቸው ስሄድ ክራንቻቸውን አጠገባቸው ጋደም አድርገው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሊቀ መንበሩ በለመደው አጥር ጥግ ብቅ አለና የሌለውን እግር አይቶ አፈረ።

«ጠይቅ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል?» አሉት አጎቴ። «የተቀበረው እያሳከከኝ ነው። ነገ ይዘንባል።»

«እንግዲያው ስብሰባውን ላስተላልፈው?»

«የኮምቦልቻውን እኔ እንጃ፤ እግሬ ያለው ደሴ ነው።»

ሳቅንባቸው። በማግስቱ ኮምቦልቻን በጠራራ ፀሐይ ትቼ ደሴ ቤቴ ስገባ ባልዲው ሞልቶ ፈሷል።