መስኮት የሌለው ቤት

[መቱ፤ የአንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ክፍል። አማካሪው ቢኒያም በሕፃናት ሥዕል ጭንቀታቸውን የማንበብ ሥልጠና ከወሰደ ሳምንቱ ነው፤ በዚያች ሳምንት ያላነበበው ልብ እንደሌለ በጽኑ ያምናል። ረጅም ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ ሰሞኑን መናገር ያቆመችውን የስድስት ዓመቷን የሊቺን እናት፣ ተጂቱን፣ ያስተምራል።]

ተጂቱ፦ ቤታችን ሁለት መስኮት አለው እያልኩዎት ነው፣ ጋሼ ቢኒያም!

ቢኒያም፦ እትዬ ተጂቱ፣ እኔ የማወራው ስለ ጭቃ ቤት አይደለም። ነፍሷ መስኮት የላትም ነው የምልዎት!

ተጂቱ፦ አንደኛው ተሰብሮ ነበር፤ አሠርተነዋል እኮ።

ቢኒያም፦ [ትዕግሥቱ እንዲታይለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ] «የሚያስፈራሽን ቦታ እቤት ሆነሽ ሥለሽ አምጪ» አልኳት። ይኸው! በሩ ዝግ፣ ልጅ ውስጥ፤ ውጭ ረጅም ሰውዬ ዱላ ይዞ ቆሟል። አባትየው ነው።

ተጂቱ፦ ጎንፋ? ለቡና ለቀማ ዳሪሙ ከወረደ ወር አለፈው። ደግሞ አጭር ነው።

ቢኒያም፦ እህ! ታዲያ ጎንፋ በሌለበት ቤትዎ የሚገባው ረጅም ሰውዬ ማን ነው?

ተጂቱ፦ ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ስሜን አያጥፉ!

ቢኒያም፦ የጠፋችው ልጅቷ ናት። ከእርስዎ ተለይታ ጎሬ አክስቷ ዘንድ ትቆይ ብዬ ለርእሰ መምህሩ ላቀርብ ነው።

ተጂቱ፦ ልጄን? በአንድ ሥዕል?

ቢኒያም፦ አዋቂ ይዋሻል፤ ሥዕል አይዋሽም! ይህን የሠራ ሰው ሕፃናት ባሉበት ግቢ መዋል የለበትም።

ተጂቱ፦ ማንም ይሁን?

ቢኒያም፦ ወንድሜም ቢሆን!

ተጂቱ፦ [ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ቢጫ የሥዕል ቀለም ቁራጭ እያወጣች] ይቺን ኪሷ ውስጥ አግኝቻት ነበር። ቤታችን ቀለም የለም፤ የማን እንደሆነች ልጠይቅዎ ብዬ ነው።

ቢኒያም፦ የዕቃ ቤታችን ናት! ቀለሙ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ልጅ እጅ ከገባማ አለቀ። ማክሰኞ አንዷ ሾልካ ገብታ ስትነካካ አግኝቼ፣ እስከ ምሳ እዚያው ቆለፍኩባት። ሥርዓት ያዘች!

ተጂቱ፦ የትኛዋ ናት?

ቢኒያም፦ ፊቷን ማን አየ? ሲያለቅሱ ሁሉም አንድ ናቸው።

[ተጂቱ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ሊቺ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ እናትየው ጉንፋን መስሏት ነበር።]

ተጂቱ፦ ዕቃ ቤቱ መስኮት አለው?

ቢኒያም፦ ለሌባ? ምን ሲደረግ መስ... [ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ።]

ተጂቱ፦ ይሄ ዱላ ያሉት ደግሞ ጥርስ አለው፣ ጋሼ።

ቢኒያም፦ [ቁልፉን ወደ ኪሱ እየሰደደ] እትዬ ተጂቱ... የስድስት ዓመት ልጅ የሞነጫጨረችው እኮ ማስረጃ አይሆንም!

ተጂቱ፦ [ሥዕሉን አንስታ፣ በሩን እየከፈተችለት] በሉ ይነሱ፤ ለርእሰ መምህሩ አብረን እናቅርበው። ለመሆኑ እርስዎስ ጎሬ አክስት አለዎት?