በአንዲት ፊደል ወደ ስምንተኛ ፎቅ

የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ሐሳባቸውን በነፃነት እንዲገልጹ የተደረገበት ቀን በታሪክ መመዝገብ ይገባዋል። ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላስፈለገም።

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አርቆ አሳቢ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቢሯቸው እንደጠበባቸው ተገነዘቡ። ከጎናቸው ያለው የመዝገብ ቤት ግድግዳ ቢፈርስና ሠራተኛው በሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢታጨቅ የሥራ ቅልጥፍና እንደሚጨምር በጥናት ደረሱበት። ጥናቱን ያጠኑት በሜትር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን የሠራተኛው ስምምነት በጽሑፍ ይቅረብልኝ አለ።

ተሰበሰብን። ስለ አሳታፊነት አርባ ደቂቃ ተናገሩን፤ እኛን ለማሳተፍ ጊዜ አልተረፈም። ከዚያ ስማችን ተተይቦ፣ ከያንዳንዱ ስም ትይዩ “ተስማምቻለሁ” የሚል የሰፈረበት ወረቀት ዞረ። የመጀመሪያውን ፊርማ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። እኛም ተከተልን።

ወረቀቱ እታለም ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እታለም የምንላት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ነው፤ ከሁላችንም የቆየች ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ፋይል ስትሸከም ጉልበቷ አልቋል፤ የፈለጉትን መዝገብ ግን ዓይኗን ጨፍና ታወጣለች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

“የጠሩን እንድንስማማ ነው ወይስ መስማማታችንን ሊነግሩን?”

“እታለም፣ ሁሉም እኮ ፈርሟል” አሉ ሥራ አስኪያጁ በለሰለሰ ድምፅ።

“እነሱ ፈርመዋል። እኔ አልስማማም።”

ይህ ግስ በአንደኛ መደብ፣ በነጠላ ቁጥር ሲነገር በዚያ ክፍል የተሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልተቆጡም፤ የእታለም ልዩነት በክብር ተመዝግቦ እንዲላክ አዘዙ። ዋናው መሥሪያ ቤት ስሟን አይቶ እንዲያሰናብታት መሆኑን ለጸሐፊያቸው ብቻ በምስጢር ነገሯት። በሻይ ሰዓት ሁላችንም ምስጢሩን አውቀን ነበር። እታለምም አውቃ የግል ዕቃዋን በካርቶን መሰብሰብ ጀመረች።

ደብዳቤው ክብደት እንዲኖረው በእንግሊዝኛ ይጻፍ ተባለ። ሥራው ለሕዝብ ግንኙነት ባልደረባችን ለ“ዲክሽነሪ” ተሰጠ። ቅጽል ስሙን ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። “አግሪ” የሚለውን ቃል የሕፃን ቃል ነው ብሎ ናቀው፤ የእኛን እሺታ “አሴንት”፣ የእታለምን እምቢታ “ዲሴንት” ብሎ ጻፈ። ማኅተም ተመታበትና ሄደ።

መልሱ በአሥረኛው ቀን መጣ። “ሽቅብ ለመውጣት ያቀረባችሁት ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል፤ አሥራ አንዳችሁም ወደ ስምንተኛ ፎቅ ተዛወሩ። ቁልቁል መውረድ የጠየቁት ባልደረባ ምድር ቤት ይመደቡ” ይላል። የሕንፃው አሳንሰር ከቆመ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ “አሴንት” የሚባሉት ቃላት ሁለት እንደሆኑ፣ ለጆሮም መንታ እንደሆኑ ደረሰበት። በድርብ “ኤስ” የሚጻፈው ለቀረበ ሐሳብ እሺ ማለት ነው፤ ሁለተኛው “ኤስ” በ“ሲ” ከተተካ ግን ሽቅብ መውጣት ይሆናል። “ዲሴንት”ም እንዲሁ በአንዱ አጻጻፍ አለመስማማት፣ በሌላው ቁልቁል መውረድ ነው። ዲክሽነሪ ሁለቱንም ያለ አድልዎ ስቷቸዋል።

“ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ስህተት የለውም” ሲል ተከላከለ።

ማስተካከያ ተጻፈ። ከእንግዲህ “አሴንት” የሚባል ነገር አይነካ ተባለና ሠራተኛው የሰጠው “ኮንሰንት” ነው ተብሎ ተገለጸ። ይህ ቃል ሌላው ሰው በራስህ ላይ ሊያደርግ ላሰበው ነገር ፈቃድህን መስጠት ማለት ነው። ዲክሽነሪ ፊደሉን አንድም ሳያጎድል ጻፈው። ዋናው መሥሪያ ቤት በማግስቱ መለሰ፤ ፈቃዳችሁን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን፣ ዝውውሩ በአስቸኳይ ይፈጸም አለ።

ወጣን። መቶ ሰባ ስድስት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ የተመኙትን ስፋት አገኙ፤ ግድግዳ የሌለው አንድ አዳራሽ፣ ከአሥራችን ጋር። ባለጉዳይ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ጉዳዩን ይተወዋል። እታለም ግን ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ተሰጣት። መዝገቦቿን ዘርግታ የመጣውን ሁሉ እዚያው ታስተናግዳለች፤ ሰዉም ይህ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረው መቼ ነው እያለ ይገረማል።

ባለፈው ሳምንት ፋይል ልወስድ ወርጄ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ላብ አጥምቋቸው ገቡ። እታለም ወንበር ሳበችላቸው፤ ውኃ ቀዳችላቸው። ጠጥተው ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ከደጅ የተሰለፈውን ባለጉዳይ አዩ።

“እታለም፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ምን ነበር ያሉት?”

“አልስማማም ነው ያልኩት።”

ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ለካ እንደዚያም ማለት ይቻል ነበር?” አሏት።