ደንበኛዬን ያሳሰርኩበት ጨዋነት

እናንተዬ፣ ዛሬ ደንበኛዬን በገዛ አፌ ዘብጥያ አወረድኩት!

ኧረ ተረጋጉ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ገና የታሪክ ተማሪ ነኝ። እዚህ ለንደን መጀመሪያ የፈለጉትን ዲግሪ ይዞ ሕግ በኋላ መማር ይቻላል። ቱተሬ የሆነችው መምህሬም "የፈለግሽውን አጥኚ፣ ብቻ መከራከር ልመጂ" ብላኛለች።

መከራከር! "ትልቅ ሰው ሲናገር አፍሽን ዝጊ" እየተባልኩ እዚሁ ቶተንሃም ሰፈር ያደግኩት እኔ!

ለማንኛውም ተማሪዎች ጠበቃ ሆነን የምንከራከርበት የልምምድ ችሎት አለ። ዛሬ ፋይናል ነበር። ያሸነፈ ቡድን ሰመር ላይ እውነተኛ ጠበቆች ቢሮ ወርክ ኤክስፒሪየንስ ያገኛል። ሕግ ትምህርት ቤት አፕላይ ስታደርጉ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ፓርትነሬ ፕሪያ እንቅልፏን አጥታ ነው የተዘጋጀችው።

ደንበኛችን "ሳይክል ሰርቀሃል" ተብሎ የተከሰሰ፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነው። መከላከያውን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ተጋባዧ ዳኛ ገቡ።

እትዬ ጸሐይ!

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከእማዬ ጎን የሚቆሙት እትዬ ጸሐይ! ሶሊሲተር የሚባለው ዓይነት ጠበቃ መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ ግን ዛሬ ይመጣሉ ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር?

ሁሉም ለዳኛ ብድግ አለ። እኔ ወንበሬን ተሸክሜ ሄድኩላቸው። የራሳቸው ወንበር አላቸው እኮ!

ተራዬ ደረሰ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። "ሳይክሉ ደንበኛሽ ቤት ምን ይሠራል? ሰርቆ ቢሆን ነው እንጂ፣ አይመስልሽም?"

መልሱን አውቀዋለሁ! ከጓደኛው ተውሶት ነው! አፌ ላይ አለ!

"እርስዎ ካሉ..." አልኩ። በአማርኛ።

ፕሪያ በክርኗ ጎሸመችኝ። እትዬ ጸሐይ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እሳቸውም በአማርኛ "ልጄ፣ ተከራከሪኝ እንጂ!" አሉኝ።

"ኧረ እኔ እርስዎን! ይቅርታ ያድርጉልን!"

"ይቅርታው ለማን ነው?"

"ለሁለታችንም! ለእኔም ለእሱም!"

ያልሰረቀ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል? አይጠይቅም። ደንበኛዬ ጥፋተኛ ተባለ፣ እኛም ተሸነፍን።

ተቃራኒዎቻችን መጥተው ጨበጡኝ፣ ከልባቸው እያመሰገኑ። ፕሪያ ግን ባቡር ላይ ያን ሁሉ የተዘጋጀችበትን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሷ አንጀቴን በላችው። የእኔስ ይሁን፣ የሷንም ዕድል ነው ያበላሸሁባት።

ቤት ስገባ እማዬ በእልልታ ተቀበለችኝ!

"ጸሐይ ደውላ 'ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ አሳደግሽ' አለችኝ! አሸነፍሽ ማለት ነው!" ክላፋም ላለችው አክስቴ ሳይቀር ደውላ ነግራለች።

ድፍረቴን ሰብሰብ አደረግኩ። "እማዬ፣ ተሳስተሻል፣ እኔ እኮ..."

"ማንን ነው ተሳስተሻል የምትዪው?"

"ይቅርታ እማዬ።"

በአንድ ቀን ሁለቴ ተረታሁ! እሁድ ደግሞ "እንኳን ደስ ያለሽ" የሚለኝን ሰው ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ላመሰግን ነው።

እስኪ ፍረዱኝ፣ እኔ ጠበቃ የምሆን ይመስላችኋል? አይመስለንም የምትሉ ኮሜንት ላይ ጻፉ። እኔ እንደሆነ አልከራከራችሁም።