ክቡር ሐውልቱ እና የጎሉ ቋሚ

ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ኳስ ተጫዋች አለ፦ የሚሮጥ እና ጎል የሚያገባ። የሚሮጠው ሲያልበው ይውላል፤ የሚያገባው ፎቶ ይነሳል። ይህ ፍርደ ገምድልነት በየሜዳው ያለ ነው፤ እናንተም ዘንድ አይጠፋም። ወገቡን ይዞ ጎሉ አፍ ላይ የሚቆም፣ ጨዋታው የማይመለከተው የሚመስል፣ ሲያልቅ ግን ሁለት አግብቶ የሚገኝ አንድ ሰው አታጡም።

የእኛው በእንጨት ሥራ ድርጅታችን ሶፋ የሚያለብሱት ሰውዬ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው፤ እኛ ሐውልቱ እንላቸዋለን። ማዕረጋቸው ስለሚያስገድድ እኔ እዚህ ክቡር ሐውልቱ እላቸዋለሁ። "አርባ ሦስት ዓመቴ ነው" ማለት ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ቦርጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ኦፍሳይድ ይገባል።

ክቡርነታቸው ሲሮጡ ያየ የለም። አሰልጣኛችን፣ በሥራ ሰዓት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የሆነው፣ ከመስመር ውጭ ቆሞ "አንተ ሰውዬ፣ ተንቀሳቀስ እንጂ!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። እሳቸው ዘወር ይሉና በትሕትና "እኔ ከተንቀሳቀስኩ ኳሱ የት ያገኘኛል?" ይሉታል።

ደግሞ ያገኛቸዋል! በጉልበታቸው አግብተዋል፤ በጀርባቸው አግብተዋል። አንድ ቅዳሜ የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ ባሉበት፣ ከኋላ የመጣ ኳስ መቀመጫቸውን መትቶ መረብ ውስጥ ገባ። ክቡርነታቸው ክሩን አስረው እስኪጨርሱ ማን እንዳገባ አላወቁም። ሲነገራቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "አስቤበት ነው" አሉ።

በሜዳ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አውቶቡስ ስንጠብቅ ሃያ ሰው ይጋፋል፤ በሩ የሚከፈተው ግን እሳቸው ፊት ነው። በድርጅቱ ምግብ ቤት እኛ ወረፋ ስንይዝ የሉም፤ የድስቱ ክዳን ሲነሳ ሳህናቸውን ይዘው ከች ይላሉ። ባለቤታቸውን አንድ ቀን ብጠይቃቸው "ኧረ ቤትም ያው ነው! ዕቃ ሲታጠብ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ ሻይ ሲፈላ ግን ጠርቼው አላውቅም" አሉኝ።

ሰው "ተፈጥሮ ነው" ይላል። እኔ የቡድኑ አምበል፣ እዚህ ድርጅት ውስጥ የወንበር እግር ስሠራ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት፣ ምስጢሩን ደርሼበታለሁ ባይ ነኝ። የውድድሩ ሜዳ ጎሎች የእንጨት ናቸው፤ ቆርጠን፣ ልገን፣ ገጣጥመን ያቆምናቸው እኛው ነን። ስለዚህ ኳስ ቋሚውን "ጓ!" ሲያደርገው ሁላችንም ባለንበት ቆመን ጆሯችንን እንቀስራለን። ተሰነጠቀ ይሆን? መጋጠሚያው ለቀቀ? በረኛችን አንዴ ኳሱን ትቶ ቋሚውን በእጁ ሲዳብስ ገብቶበታል። ክቡር ሐውልቱ ግን የጨርቅ እና የስፖንጅ ሰው ናቸው፤ እንጨቱ ቢሰበር ምን ገዷቸው! እኛ ቋሚውን ስናይ እሳቸው ኳሱን ያያሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሄዱም፤ ነጥሮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀድመው ቆመዋል።

ሲስቱም አሳሳታቸው ለጉድ ነው። ከሁለት እርምጃ፣ በረኛ በሌለበት፣ ወደ ሰማይ ይልካሉ። ሌላው ሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። እሳቸው ግን ጫማቸውን ገልመጥ ያደርጉና ወዲያው እጃቸውን አንስተው "አምጡ!" ይላሉ። ሼም የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም ብዬ ስንት ጊዜ አምቻቸዋለሁ።

ባለፈው ውድድር ግን የጎል ድርቅ መታቸው፤ ስድስት ጨዋታ አንድም ሳያገቡ አለፈ። በዚያ ላይ ከቀለም ክፍል እንደ ንፋስ የሚሮጥ ሰው ተገኘ። በፍጻሜው ዋዜማ አሰልጣኙ ሶፋ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ በሁላችንም ፊት "ነገ ካገባህ ትቀጥላለህ። ካላገባህ ጫማህን ትሰቅላለህ" አላቸው። ክቡርነታቸው በከንፈራቸው የያዟቸውን ትናንሽ ሚስማሮች ሳያወጡ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። ከዚያ ጨርቁን አጣመው ሚስማር መቱበት። የእሳቸው እጅ ጨርቅ ሲያጣምም በዐሥራ አንድ ዓመት አይቼ አላውቅም።

ፍጻሜው ከብረታ ብረት ሠራተኞች ጋር ነበር። ባዶ ለባዶ ሆነን አምስት ደቂቃ ሲቀር ከእኛ ወገን የተመታ ኳስ ቋሚውን ጓ አደረገውና ነጥሮ ክቡርነታቸው እግር ሥር አረፈ። በረኛው ተወርውሮ ፊታቸው ተዘረጋ። እኔ በግራ በኩል፣ ከባዶው ጎል ሦስት እርምጃ ላይ ነኝ። መምታት ይችሉ ነበር፤ እንደ ዕድላቸው ከሆነ ከበረኛው ሆድ ነጥሮ በአፍንጫቸው ያገቡት ነበር። እሳቸው ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ አቀበሉ። ለእኔ። መሬት መሬቱን፣ ለስለስ ብላ፣ ልክ እግሬ ላይ።

እኔስ? ቋሚውን እያየሁ ነበር። ያንን መጋጠሚያ የሠራሁት እኔ ነኛ! ደንግጬ ብመታት ከአጥሩ በላይ ሄደች። ብረታ ብረቶቹ በመጨረሻዋ ደቂቃ አግብተው ዋንጫውን ወሰዱ።

አሰልጣኙ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣ። "አንተ ምን ሆነህ ነው?"

አፌ ከልቤ ቀደመ። "ኳሷ ነጥራ መጣችብኝ" አልኩት።

ክቡር ሐውልቱ አጠገቤ ነበሩ። አንድ ጊዜ አዩኝና ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። "አዎ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ማቀበል መች ለመድኩ!" አሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መሳቂያ ሆኑ። "አንዴ ብታቀብል ጉድ ሠራኸን!" ይላል አንዱ። "እጅህን ስታነሳ ነው የሚያምርብህ!" ይላል ሌላው። እሳቸውም አብረው እየሳቁ ለሁሉም መልስ ይሰጣሉ። የእኔን ስም ያነሳ አልነበረም። ስንወርድ እጃቸውን ይዤ ወደ ጎን አወጣኋቸው።

"ቦታህን እኮ ነው ያጣኸው! ለምን አልመታህም?"

"ባዶ ጎል ፊት ነበርካ። ሌላ ማን ነበረ?"

"እሺ፣ ውሸቴንስ ለምን ተሸከምክልኝ?"

"እኔ ሲስቁብኝ እችለዋለሁ" አሉኝ። "የሳትኳቸውን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፣ የረሳኋቸው እንዳይመስልህ። ግን ለምጄዋለሁ። አንተ ወር ሙሉ ምግብ አይበላልህም።"

ከእንግዲህ አንቱታው ይቅር። ይህ ሰው ጓደኛዬ ነው፤ እወደዋለሁ። ተፈጥሮ ያልነው ነገር የእግር አልነበረም። ሰው ፊት ስቶ፣ ተስቆበት፣ ልቡ እየደማ እንደገና ኳስ የሚጠይቅበት ድፍረት ነው። እኔ አንዲቷን ብቻ ብስት እሷን መሸከም አቃተኝ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ቅዳሜ አዲሱ ውድድር ይጀመራል፤ የሐውልቱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ አሰልጣኙም ሠራተኛውም ደንበኛውም በሚያነባት በዚህች የድርጅታችን ጋዜጣ ላይ ልናገር፦ ኳሷ አልነጠረችም። ከእሷ የተሻለ ኳስ ተቀብዬ አላውቅም። የሳትኳት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ውጭ የሚቀመጥ ሰው ካስፈለገ እኔ እቀመጣለሁ።